የሙቀት ወራት ልብስን ለጥቅምትና ለኅዳር ብርድ ማሰናዳት፦ ለባሕር ዳርና ለጣና ዳር ሰው

«ባሕር ዳር ደግሞ ምን ብርድ አለና ነው?» ይላል ከደብረ ታቦር የመጣ ሰው። አይፈረድበትም። እሱ አገር ብርድ ማለት ሌላ ነው። ግን ጥቅምት አጋማሽ ላይ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ባጃጅ ተሳፍሮ ወደ ሥራ የሄደ፣ ወይም ማታ ሐይቁ ዳር ሻይ ይዞ ተቀምጦ እጁን ብብቱ ሥር የወሸቀ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው እንዲሁ አይደለም።

ችግራችን ቁም ሣጥኑ ነው። አብዛኛው ልብሳችን ከየካቲት እስከ ግንቦት ላለው ሙቀት የተገዛ ነው። ጃፖኒ፣ ቲሸርት፣ ስስ ሸሚዝ፣ ጉርድ ቀሚስ፣ ሰንደል። ብርዱ ሲመጣ ግማሹ ሰው እየተንቀጠቀጠ ያሳልፈዋል። ሌላው ወፍራም ጃኬት ይገዛና አራት ሰዓት ላይ በላብ ይጠመቃል። ሁለቱም አያስፈልጉም። እዚህ ከተማ ብርዱ የሰዓታት እንጂ የቀን ሙሉ አይደለም። ስለዚህ ያለውን ልብስ ቶሎ የሚደረብና ቶሎ የሚወልቅ አድርጎ ማሰናዳት ይበቃል። ወጪው ትንሽ ነው። ሥራው ግን አንድ ቅዳሜና እሁድ ይፈልጋል።

1. ብርዱ መቼ እንደሚመጣ ለዩ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ክረምት ላይ ሰማዩ በደመና ስለሚሸፈን ሌሊቱ ብዙ አይቀዘቅዝም። ደመናው መሬቱ ላይ እንደተጣለ ብርድ ልብስ ነው። መስከረም ወደ ማለቂያው ሲደርስ ዝናቡ ያባራል፤ ደመናውም ይገፈፋል። ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል። ማታ ግን መሬቱ ያን ሁሉ ሙቀት ወደ ጠራው ሰማይ ይለቀዋል። ኅዳር ላይ ቀን 26 ወይም 27 ዲግሪ የነበረው ሙቀት ሊነጋጋ ሲል ከግማሽ በታች ይሆናል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ።

ማታ ጣና ዳር የሚበርደን ውኃው ስለቀዘቀዘ ይመስለናል። ውኃ እንደ መሬት ቶሎ አይቀዘቅዝም። የሚያንዘፈዝፈን ንፋሱ ነው። ይህን ማወቅ ለምርጫ ይጠቅማል። ሹራብ የቱንም ያህል ቢወፍር በቀዳዳዎቹ ንፋስ ያስገባል። ውኃ ዳር ለመቀመጥ ንፋስ የማያሳልፍ ስስ ጃኬት ከወፍራም ሹራብ ይሻላል። ሁለቱ ተደርበው ከሆነ ደግሞ ምን ጎደለ።

ልብስ ከመንካታችሁ በፊት ለሁለት ሦስት ቀን ራሳችሁን ታዘቡ። ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚበርዳችሁ? ምናችሁን? አንገት፣ እግር፣ ወገብ? የቢሮ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚበርደው ጠዋት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩልና ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ሱቅ ውስጥ ጥላ ሥር የሚውል ሰው ግን እስከ አራት ሰዓት ሊበርደው ይችላል። ወንበር ላይ የሚውልና ዕቃ የሚያወርድ ሰው አንድ ዓይነት አይበርዳቸውም። የራሳችሁን ካወቃችሁ ከታች ካለው ውስጥ ግማሹን ትዘሉታላችሁ።

2. ሁሉንም አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱ

ክረምቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ የከረመ ሹራብ ሽታ ይኖረዋል። ሐይቅ ዳር ከተማ ነው፤ እርጥበቱ ግድግዳ ያሻግታል፤ ልብስ ምን ያድርግ። መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ፀሐይ ያለበት ቀን ምረጡ። ሁሉንም አውጡና ገመድ ላይ አስጡ። ቀለም ያለውን ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡት፤ የእኛ ፀሐይ አንድ ቀን ይበቃዋል ቀለም ለማደብዘዝ። ጥቁር ሹራብን ጥላ ሥር፣ ንፋስ ባለበት ስቀሉት።

የሻገተ ካለ መጀመሪያ ውጭ አውጥታችሁ በደረቁ በብሩሽ አራግፉት። ቤት ውስጥ ካራገፋችሁት ሻጋታው ወደ ሌላው ልብስ ይሄዳል። ከዚያ ግማሽ ባልዲ ውኃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ አቸቶ ጨምራችሁ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። እንደ ወትሮው በሳሙና እጠቡ፣ በደንብ አለቅልቁ፣ ፀሐይ ላይ አድርቁ። የአቸቶው ሽታ ሲደርቅ ይጠፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። በረኪናና አቸቶ በአንድ ባልዲ አይገናኙም። ሲደባለቁ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። በረኪና ለነጭ ጥጥ ብቻ ይሁን፤ ሱፍ ላይ ካረፈ ሱፉን ይበላዋል።

ልብሱ ገመድ ላይ እያለ አንድ በአንድ ወደ ብርሃን አንሱና እዩ። ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች ካሉ ብል ገብቶበታል። ብል የሚበላው ሱፍና እንደ ሱፍ ከእንስሳ የሚገኘውን ነው፤ ላብና የወጥ ነጠብጣብ ያለበትን ደግሞ ይመርጣል። ያንን ልብስ ከሌላው ለዩ፣ አጥባችሁ ፀሐይ አስመቱት፣ የነበረበትንም ሣጥን ጥጋጥጉን ጥረጉ።

3. በሦስት ክምር ለዩ

አልጋ ላይ ዘርጉና ለዩ። የመጀመሪያው ክምር ከውስጥ የሚለበሰው ነው። ቲሸርት፣ ካናቴራ፣ ጃፖኒ፣ ሰውነት ላይ የሚጠጋ ስስ ነገር ሁሉ እዚህ ይገባል። ሁለተኛው ከላይ የሚደረበው ነው። ሰፋ ያለ ሸሚዝ፣ ከፊት የሚከፈት ስስ ሹራብ፣ የጂንስ ጃኬት። ሦስተኛው እስከ የካቲት የሚያርፈው ነው፤ አጭር ቁምጣና ብርሃን የሚያሳልፍ ቀሚስ።

ሦስተኛው ክምር ትንሽ ይሁን። ሰው የሙቀት ልብሱን በሙሉ ጠቅልሎ ያስቀምጥና ቀን ስምንት ሰዓት ላይ በሹራብ ሲፈላ ይውላል። ጃፖኒ ቀሚስ ለምሳሌ ማረፍ የለበትም። ከውስጡ ረጅም እጅጌ ካናቴራ፣ ከሥሩ ታይት፣ ከላዩ ከፊት የሚከፈት ሹራብ ሲጨመርበት የኅዳር ልብስ ነው። ቀን ሹራቡ ይወልቃል፤ ቀሚሱ ሥራውን ይሠራል።

4. መደራረብ፦ ስስ በስስ ላይ

ጋቢን ተመልከቱት። የሚያሞቀው ጥጡ ብቻ አይደለም። አራት ንብርብር ነው፤ በንብርብሮቹ መካከል የታሰረው አየር ነው ሙቀቱን የሚይዘው። ለሌላውም ልብስ ሕጉ ያው ነው። ሦስት ስስ ልብስ ከአንድ ወፍራም ይበልጣል፤ ሲሞቃችሁም አንዱን ብቻ ታወልቃላችሁ።

ከውስጥ ሰውነት ላይ የሚጠጋ ጥጥ። ለተራ የከተማ ቀን ጥጥ ይበቃል። ብስክሌት የምትነዱ ከሆነ ግን ጥጥ ላብ ይዞ ይቀርና ስትቆሙ ያቀዘቅዛችኋል። ለእናንተ ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ካናቴራ ይሻላል። ወይም ቢሮ ስትደርሱ የምትቀይሩት ደረቅ ካናቴራ በቦርሳ ያዙ።

በመሐል ስስ ሹራብ ወይም ሰደርያ። ሰደርያን እናቃልላታለን። ደረትና ጀርባን ታሞቃለች፤ እጅን አታስርም፤ ከሸሚዝ ሥር ብትለበስ አትታይም፤ ስትወልቅ ቦርሳ ውስጥ ትገባለች። ለዚህ ከተማ አየር ከእሷ የተሻለ ልብስ የለም ባይ ነኝ።

ከላይ ንፋስ የሚከለክል። ዚፕ ያለው ስስ ጃኬት፣ የጂንስ ጃኬት፣ ወይም ገበር ያለው ኮት። ዚፕ ወይም ቁልፍ ያለው ይመረጣል። በራስ የሚወልቅ ሹራብ ባጃጅ ውስጥ አይወልቅም፤ የሰው ዓይን ውስጥ ክርን ይገባል።

ልኩን ለመፈተን ሦስቱንም ልበሱና ሁለት እጃችሁን ወደ ፊት ዘርጉ፤ ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ጫማችሁን ንኩ። ጀርባ ላይ ከጠበቀ ወይም ወገብ ከተገለጠ አንዱ ንብርብር ወፍሯል። የተጣበበ ልብስ አየር ስለማይዝ አያሞቅም። ወገብ መገለጥ ደግሞ የባጃጅና የብስክሌት ሰው ዋና ጠላት ነው። የውስጡ ካናቴራ ሱሪ ውስጥ የሚገባ ረጅም ይሁን።

ቀለሙን ብዙ አታስጨንቁት። አንዱ ደማቅ ከሆነ ሌሎቹ ፈዘዝ ያሉ ይሁኑ፤ ይበቃል።

5. ልብስ ሰፊ ጋ የሚሄደውን ለዩ

ገንዘብ የሚቆጠበው እዚህ ነው። አዲስ ከመግዛት ይልቅ ያለውን ማስተካከል። በየሰፈሩ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግቶ የሚሰፋ ሰው አለ። ዋጋውን ሥራውን ከመስጠታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ለመስቀልና ለገና ሰሞን ወረፋው ስለሚበዛ ጥቅምት መሐል ላይ ሂዱ።

ገበር ማስገባት። ገበር የሌለው የጂንስ ወይም የካኪ ጃኬት ካላችሁ ገበር ሲገባበት ሌላ ልብስ ይሆናል። ለጀርባና ለደረት ለስለስ ያለ ጸጉራም ጥጥ ምረጡ። ለእጅጌ ግን የሚንሸራተት ጨርቅ ይሁን፤ አለዚያ ሹራብ ለብሳችሁ ስትከቱት እጅጌያችሁ ክርን ላይ ይጠቀለላል። ጨርቁን ከመሰፋቱ በፊት አንድ ጊዜ እጠቡት። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ተሰፍቶ ከተሰበሰበ ጃኬቱን ይጎትተዋል። ለሰፊው እንዲህ በሉት፦ «ጋሼ፣ ጀርባው መሐል ላይ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር እጥፋት ይተዉልኝ፤ ታች ጠርዙንም በጣም አያጥብቁት።» እጥፋቱ እጅ ሲዘረጋ ገበሩ እንዳይቀደድ ነው። ጥሩ ሰፊ ይህን ሳይነገረው ያደርገዋል። ብትሉት ግን ሥራ እንደምታውቁ ይገባዋል።

ማስረዘም። ሱሪና ቀሚስ ታች ላይ የታጠፈ ትርፍ ይኖራቸዋል። ስፌቱን ተርትሩና ስንት ሳንቲሜትር እንዳለ ለኩ። የድሮው እጥፋት መስመር ካልጠፋ በአቸቶና በውኃ የራሰ ጨርቅ ላዩ ላይ አድርጋችሁ በካውያ ተኩሱት። ቀለሙን እንዳይለቅ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩ። ትርፍ የሌለው ጉርድ ቀሚስ ከሆነ ታች ላይ ጥለት አስጨምሩበት። አራት ጣት ጥለት ቁርጭምጭሚት አካባቢ ብዙ ለውጥ ያመጣል፤ ቀሚሱም አዲስ ይመስላል። ጥለቱም ሰፊው ጋ ከመሄዱ በፊት ይታጠብ፤ ቀለም የሚለቅ ከሆነ ቤት ይለቅ እንጂ ነጭ ቀሚሳችሁ ላይ አይለቅ።

አሮጌ ሹራብን ሰደርያ ማድረግ። ክርኑ ያለቀ ሹራብ አይጣልም። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሹራብ በመቀስ ከተቆረጠ ይተረተራል፤ ስለዚህ መጀመሪያ እጅጌው ትከሻ ላይ ከተገናኘበት ስፌት አንድ ጣት ወደ እጅጌው ወጣ ብሎ በዚግዛግ ሁለት ጊዜ ይሰፋ። ከዚያ ነው ከስፌቱ ውጭ የሚቆረጠው። የቀረችው አንድ ጣት ወደ ውስጥ ትታጠፍና በእጅ ትያያዛለች። ሰፊው መኪና ላይ ዚግዛግ ከሌለ በእጅ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠልፉት፤ አንድ ምሽት ነው። ፊቱን መሐል ለመሐል ከፍታችሁ ዚፕ ማስገባትም ይቻላል፤ እዚያም ከመቁረጥ በፊት ስፌት።

የተቆረጠውን እጅጌ አትጣሉት። ከክርን በታች ያለው ደህና ነው። ከላይ ዚግዛግ አሰፉበትና ለብስክሌት ነጂ የእጅ አንጓ ማሞቂያ ይሆናል። ለልጅ ደግሞ ቀሚስ ሥር የሚገባ የቅልጥም ማሞቂያ።

ያረጀ ጋቢ። የጋቢ ጠርዝ ያልቃል፣ መሐሉ ግን ዓመታት ይቆያል። ያ መሐል ለልጅ ጃኬት ገበር ይሆናል። ችግሩ ሽመናው ልል ስለሆነ ብቻውን ሲሰፋ ይፈታል። መፍትሔው በሁለት ስስ ጨርቅ መካከል ማስገባትና ስምንት ሳንቲሜትር እየተራራቀ ከላይ እስከ ታች በመስመር መስፋት ነው። እማማ ያቆዩትን ጋቢ ከመቁረጣችሁ በፊት ግን ፈቃድ ጠይቁ። ይህን ያልጠየቀ ሰው ጋቢውም ሰላሙም ይቀርበታል።

አጭር እጅጌ ሸሚዝ ላይ ረጅም እጅጌ ላስቀጥል የሚል አለ። አይመከርም። ቀለሙ አይገጥምም፣ ብብቱም ይጠባል። ከሥሩ ረጅም እጅጌ ካናቴራ ልበሱና ተገላገሉ።

6. የጎደለውን ከሰልባጅ ሙሉ

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ የጎደለ ካለ አሁን ግዙ። ቀድማችሁ አትግዙ፤ ገበያ ውስጥ ሁሉም ያስፈልጋል። ዝርዝር ይዛችሁ ቅዳሜ ገበያ ሂዱ። ለአብዛኛው ሰው የሚጎድለው ከፊት የሚከፈት አንድ ስስ ሹራብና ንፋስ የሚከለክል አንድ ጃኬት ነው። ነጋዴውን ቦንዳ የሚፈታበትን ቀን ጠይቁት፤ በዚያ ቀን ጠዋት የደረሰ ሰው ነው መርጦ የሚገዛው።

ስታነሱት መጀመሪያ ብብቱን አሽትቱ። እዚያ የገባ ሽታ አንዳንዴ በአሥር እጥበት አይለቅም። ክርኑን ወደ ብርሃን ዘርግታችሁ እዩ፤ ከሌላው ከሳሳ ቶሎ ይቀደዳል። የእጅ አንጓውን ላስቲክ ለጥጡና ልቀቁት፤ ካልተመለሰ አልቋል። ዚፑን ከታች እስከ ላይ ሁለት ጊዜ መላልሱት። የጎደለ ቁልፍ አያሳስብም፤ የተበላሸ ዚፕ ግን ተጨማሪ ወጪ ነውና ከዋጋው ይቀነስ። ኪሱ ውስጥም እጃችሁን ክተቱ። ለሳንቲም ብዬ አይደለም፤ የኪስ ቀዳዳ ስልክ ያስጥላል።

«ሱፍ ነው» ሲላችሁ በቃሉ አትመኑ። ቤት ስትደርሱ ከውስጥ ስፌቱ አንድ ክር ምዘዙና ዕቃ ላይ አድርጋችሁ ለኩሱት። የተቃጠለ ጸጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ከተፈረፈረ ሱፍ ነው። ቀልጦ ጠጣር እንክብል ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው። ሰው ሠራሽም ክፉ አይደለም፤ ያሞቃል፣ ቶሎ ይደርቃል። ግን በሱፍ ዋጋ አይገዛም፤ እሳት አጠገብም አይለበስም።

ከመልበሳችሁ በፊት እጠቡት። ጥጥ ከሆነ በሙቅ ውኃ። ሱፍ ከሆነ በለብታና በቀላል ሳሙና፣ ሳትጠመዝዙ። የታጠበ ሱፍ ገመድ ላይ ሲሰቀል ይወርዳል፤ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ አድርቁት።

7. አንገትና እግር

አንገት ከተሸፈነ ግማሹ ብርድ ይቀራል። ለዚህ ሻርፕ መግዛት አያስፈልግም። ስስ ነጠላ ለአራት ተጣጥፎ አንገት ላይ ሲዞር ያሞቃል፤ ቀን ላይ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይይዝም።

ግን ተጠንቀቁ። የተንጠለጠለ ነጠላና ሻርፕ በብስክሌት፣ በሞተርና በባጃጅ አደጋ ነው። ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ አንገት ያንቃል። ስትሳፈሩ ጫፉን ጃኬት ውስጥ አስገቡና ዚፑን ዝጉት። የልጆችን ደግሞ አስሩላቸው።

እግር ላይ የምናደርገው ሰንደል ነው። ሰንደል በካልሲ የጡረተኛ ፋሽን ነው የሚሉ አሉ። የጡረተኛ እግር ግን አይበርደውም። ካላማራችሁ ለጠዋትና ለማታ ሸራ ጫማ፣ ለቀን ሰንደል ይሁን። የጥጥ ካልሲ እርጥብ ከሆነ ቀይሩት፤ እርጥብ ካልሲ ከባዶ እግር የባሰ ያቀዘቅዛል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መንገዱ ገና ጭቃ ስለሚሆን አንድ ትርፍ ካልሲ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

8. እንደ ቦታው

ባጃጅ። በጎንና በጎን ንፋስ ነው። መሐል መቀመጥ ካገኛችሁ መሐል ተቀመጡ። ቦርሳችሁን ጭናችሁ ላይ አድርጉት፤ ንፋስ ይከልላል።

ብስክሌት። ከተማችን ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት የብዙ ሰው እግር ነው። ስትነሱ ትንሽ በረድ እንዲላችሁ ሆናችሁ ውጡ። ቤት ደጃፍ ላይ የሞቀው ሰው ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) ሲደርስ በላብ ታጥቦ ነው። የሱሪውን የቀኝ እግር ሰንሰለቱ እንዳይበላው እሰሩት። ደረት ላይ የሚገባውን ንፋስ ለመከልከል ዚፑን እስከ አንገት ዝጉ፤ ሙቀት ሲሰማችሁ በትንሹ ክፈቱት።

ጀልባ። ጠዋት ወደ ዘጌ የምትሻገሩ ከሆነ ከመነሻው በላይ መሐሉ ላይ ይበርዳል፤ ጀልባው ራሱ ንፋስ ይሠራል፣ ውኃውም ይረጫል። እዚህ ጋቢ አይመከርም። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ውኃ ውስጥ ብትወድቁ ይዟችሁ ይወርዳል። ቶሎ የሚደርቅ ልብስና ንፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ልበሱ፤ የደኅንነት ሰደርያውን ከሁሉ በላይ አድርጉና እሰሩት። ከወረዳችሁ በኋላ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ በጫካ ውስጥ የእግር መንገድ አለ፤ ላብ ስለሚያመጣ ጃኬቱን አውልቁ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ጫማ ስለሚወልቅ ካልሲ ያስፈልጋችኋል። ጋቢውን ከያዛችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት፤ ስትመለሱ ይጠቅማል።

ማታ ሐይቅ ዳር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው የወባ ሰሞን መሆኑን አትርሱ። የወባ ትንኝ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ረጅም እጅጌና ረጅም ሱሪ እዚህ ሁለት ሥራ ይሠራሉ። ታይት ብቻውን አይበቃም፤ ሰውነት ላይ በተጣበቀ ስስ ጨርቅ ትንኝ ትነክሳለች። ሰፋ ያለ ሱሪ ወይም ረጅም ቀሚስ ከላዩ ይደረብ። ቁርጭምጭሚት ይሸፈን። ይህ አጎበርን አይተካም።

የሌሊት ቤተ ክርስቲያንና ከተራ። ጥር 10 ሌሊት ከታቦት ጋር ውጭ የሚያድር ሰው ነጭ በነጭ መሆን አለበት፤ ሹራብ ከላይ መደረብ አያምርም። ሙቀቱ ከውስጥ ይሁን። ከሐበሻ ቀሚስ ሥር ነጭ ረጅም እጅጌ ካናቴራ፣ ወፍራም ታይትና ካልሲ። ለወንዱም ከነጭ ሸሚዙ ሥር ያቺው ሰደርያ። ከላይ ጋቢ። መሬት ላይ ለመቀመጥ ከሥር የሚነጠፍ ነገር ያዙ፤ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ የሚወጣው ከመሬት ነው።

ልጆች። የትምህርት ቤት ሹራብ ጠዋት ይለበሳል፣ በዕረፍት ሰዓት ይወልቃል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስማቸውን ኮሌታው ውስጥ በክር ጥለፉበት፤ በእስክሪብቶ የተጻፈ ይታጠባል። ሲያወልቁ ወገባቸው ላይ እንዲያስሩት አስተምሯቸው። ጠዋት «አልበረደኝም» የሚለውን ልጅ አትከራከሩት፤ ሰደርያ ከዩኒፎርሙ ሥር አልብሱትና ይሂድ።

ከሞቃት አገር ለመጣችሁ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች፦ ዶርም ውስጥ የሚያስፈልጋችሁ ጃኬት ሳይሆን ጋቢ ነው። ለብሳችሁት ታጠናላችሁ፣ ለብሳችሁት ትተኛላችሁ።

9. አጠባበቅ

ጋቢን ሳታጥቡ ብዙ ጊዜ አትልበሱት፤ ግን ስታጥቡት ጠዋት በማለዳ ይሁን። ወፍራም ስለሆነ ከሰዓት በኋላ የታጠበ ጋቢ እርጥብ ሆኖ ያድራል፤ ያደረ እርጥብ ደግሞ ይሸታል። ለሁለት ይዛችሁ በተቃራኒ ጎትቱት እንጂ አትጠምዝዙት። ሹራብን በየቀኑ ማጠብ አያስፈልግም፤ ከውስጡ ካናቴራ ካለ ንፋስ ላይ አሳድሩትና ይበቃዋል።

ያረፈውን የሙቀት ልብስ ሳታጥቡ አታስቀምጡ። በደንብ ይድረቅ፤ ከገመድ ላይ የወረደውን ሙቅ ልብስ ወዲያው ሣጥን ውስጥ አትክተቱት፣ ሙቀቱ ይውጣለት። በፕላስቲክ ከረጢት አታሽጉት፤ በዚህ እርጥበት ይሻግታል። በአሮጌ አንሶላ ጠቅልሉት። ናፍታሊን የምታደርጉ ከሆነ ልጅ ከረሜላ መስሎት እንዳይበላው በትንሽ ጨርቅ ቋጥራችሁ ከላይ አድርጉት፤ ልብሱንም ከመልበሳችሁ በፊት አንድ ቀን ንፋስ አስመቱት። ሣጥኑን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፤ ከሥሩም ጡብ ወይም እንጨት አድርጉበት። ላዩ ላይ ውስጡ ያለውን በወረቀት ጽፋችሁ ለጥፉ፤ የካቲት መጨረሻ ላይ ሙቀቱ ሲመለስ ሹራቡን በዚሁ መንገድ አጥባችሁ በተራው ታስገቡታላችሁ።